ሳይረኑ ሲጮኽ የት ልቁም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አደጋ ማስጠንቀቂያ ሳይረኖች ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። በረጅም ምሰሶ ላይ ተተክለው ለአውሎ ነፋስ፣ ለጎርፍ፣ ለሱናሚ ወይም ለአየር ጥቃት የሚጮኹትን ማለታችን ነው፤ የአምቡላንሱን አይደለም። ጸሐፊዎቹ ድምፁን የሚፈሩ ሰዎች ይመስሉን ነበር። አብዛኞቹ ግን የሚወዱት ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል፣ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። የሳይረን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ ይማርከኛል። እስካሁን የሰማሁት ግን ከሩቅ ብቻ ነው። አሁን በየወሩ ሙከራ የሚደረግበት ትልቅ ሳይረን አግኝቻለሁ። ምሰሶው ሥር ቆሜ በሙሉ ኃይሉ ልሰማው እፈልጋለሁ። ምን ያህል ልጠጋ? ጓደኞቼ «ሁለት ደቂቃ ምን ያደርግሃል» ይሉኛል።

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ፍላጎትህ በደንብ ይገባኛል። ከሩቅ ሲሰማ ሳይረን ድምፅ ብቻ ነው፤ ከቅርብ ሲሆን ግን ደረት ላይ ይሰማል፣ ጥርስ ላይ ይሰማል፣ ሞተሩ ፍጥነት እየጨመረ ድምፁ ከታች ተነስቶ ሲወጣ ሰው ሳያስበው ትንፋሹን ይይዛል። ይህን መፈለግ ምንም ነውር የለውም። የጓደኞችህን ምክር ግን አትስማ። ለዚህ ድምፅ ሁለት ደቂቃ በጣም ብዙ ነው።

ቁጥሩን እንየው። ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው። አምራቾች «ይህ ሳይረን 130 ዴሲቤል ነው» ሲሉ 30 ሜትር ርቀት ላይ ተለክቶ ማለታቸው ነው። ክፍት ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስለዚህ 60 ሜትር ላይ 124፣ 120 ሜትር ላይ 118፣ 240 ሜትር ላይ 112፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ 106 ይሆናል። ሕንፃና ዛፍ ካለ ከዚህም በላይ ሊወርድ ይችላል፤ አንተ ግን በዚያ ተማምነህ አትጠጋ።

ጆሮስ ምን ያህል ይችላል? የሠራተኞችን ጤንነት የሚያጠናው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም ናዮሽ 85 ዴሲቤልን በቀን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ አለህ። 106 ላይ ወደ 4 ደቂቃ ይወርዳል። 112 ላይ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። 118 ላይ 14 ሰከንድ፣ 124 ላይ ደግሞ 4 ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ ነው፣ ያውም የቀኑ ሙሉ ድርሻህ።

እርግጥ ነው ስሌቱ የወጣው ለዓመታት በየቀኑ ለጩኸት ለሚጋለጥ ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን ስላለፍከው ትደነቁራለህ ማለት አይደለም። ከ120 በላይ ያለው ድምፅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ በአጭር ጊዜም ሊጎዳ ይችላል። የውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ደግሞ ሌላ አይተካላቸውም። ለዚህ ነው ነገሩን ጠበቅ አድርጌ የምነግርህ።

አሁን ወደ ምሰሶው ሥር እንምጣ። ብዙ ሰው እዚያ መቆም ትልቁ ነገር ይመስለዋል። ግን አስበው፤ ሳይረኑ የተሰቀለው 12 ወይም 15 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የተሠራውም ድምፁን ወደ ጎን፣ ወደ ሩቅ እንዲወረውር ነው። ሥሩ የቆመ ሰው የሞተሩን ጉርምርምታ በብዛት ይሰማል፣ ዋናው ድምፅ ግን በአናቱ ላይ ያልፋል። የሚዞር ሳይረን ከሆነ ደግሞ አፉ ወደ አንተ ሲመጣ ድምፁ እንዴት እንደሚያብጥ፣ ሲዞር እንዴት እንደሚሳሳ፣ ከሕንፃ ጋር ተላትሞ እንዴት እንደሚመለስ የምትሰማው ራቅ ስትል ነው። እኔን ብትጠይቀኝ የሳይረኑ ውበት ያለው እዚያ ላይ ነው።

እንዲህ አድርግ። በመጀመሪያው ቀን ጆሮህን ደፍነህ ከ300 እስከ 500 ሜትር ባለው ርቀት ቁም። በሚቀጥለው ወር፣ ከተመቸህ፣ ጆሮ መሰኪያም ከላዩ ትልቁን የጆሮ መሸፈኛም አድርገህ እስከ 150 ሜትር ቅረብ። ከዚያ በታች ብትሄድ የሚጨመርልህ ነገር ትንሽ ነው፣ አደጋው ግን በፍጥነት ያድጋል። አንድ ነገር ልብ በል፦ ከሳይረኑ አፍ ጋር እኩል ከፍታ ላይ አትቁም። ኮረብታ፣ ሰገነት፣ የፎቅ ጣሪያ በጣም የሚያጓጉ ቦታዎች ናቸው፣ ግን ድምፁ በቀጥታ የሚመጣው ወደዚያ ነው።

ስለ ጆሮ መሰኪያው ደግሞ፣ ስፖንጅ የሚመስለው ርካሹ ይበቃል፣ በትክክል ከገባ። በጣቶችህ ጠቅልለህ አቅጥነው፣ በሌላኛው እጅህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፣ አስገባው፣ እስኪነፋ ድረስ በጣትህ ያዘው። ግማሹ ውጭ ከቀረ አልገባም ማለት ነው። ማሸጊያው ላይ 30 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ቢጻፍም በተግባር ግማሹን ብታገኝ ነው። መሰኪያና መሸፈኛ አንድ ላይ ሲሆኑ ቁጥራቸው አይደመርም፣ ከተሻለው ላይ 5 ዴሲቤል ገደማ ቢጨምሩ ነው። ድምፅ በራስ ቅል አጥንት በኩልም ስለሚገባ የትኛውም መከላከያ ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም።

መሰኪያውን ሙከራው ከመጀመሩ 10 ደቂቃ ቀድመህ አድርገው። ሰዓቱን ጠብቀው የማይነሱ ሳይረኖች አሉ። «ትንሽ ልስማው» ብለህ መሃል ላይ አታውልቀው። ካመመህ ደግሞ በእጅህ ደፍነህ ጀርባህን ሰጥተህ ሂድ። የሚቀጥለው ወር ይመጣል።

ጥያቄ፦ ሳይረን እንዴት ነው የሚሠራው? ድምፅ ማጉያ ነው? ለምንስ ነው አንዳንዶቹ ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ የሚያወጡት?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ድምፁን በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው።

የድሮው ሳይረን ድምፅ ማጉያ የለውም። ያለው አየርና ሞተር ነው። ውስጡ ዙሪያውን ክፍተቶች ያሉት ከበሮ መሰል ነገር አለ፣ ሮተር ይባላል። ሮተሩን እንደ እሱው ክፍተት ያለው ነገር ግን የማይንቀሳቀስ ስቴተር ከብቦታል። ሞተሩ ሮተሩን ሲያሽከረክር አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ክፍተቶቹ ሲገጣጠሙ አየሩ ይወጣል፣ ሳይገጣጠሙ ይዘጋል፣ ደግሞ ይወጣል። አየሩ በሰከንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየተቆራረጠ ሲወጣ ያ ነው ድምፁ።

ስሌቱም ቀላል ነው። የክፍተቱን ብዛት በሰከንድ በሚዞርበት ቁጥር አባዢው። ሮተሩ በሰከንድ 50 ጊዜ ቢዞርና 12 ክፍተት ቢኖረው 600 ኸርዝ ይሰጣል፣ በሰከንድ 600 ንዝረት ማለት ነው። 10 ክፍተት ቢኖረው 500 ኸርዝ። አንድ ሞተር ላይ በአንደኛው ጫፍ ባለ 10፣ በሌላው ጫፍ ባለ 12 ክፍተት ሮተር ከተገጠመ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ትሰሚያለሽ። የ5 ለ6 ጥምርታ አላቸው፣ እሱም ለብዙ ጆሮ የሐዘንና የጭንቀት ቃና ያለው ነው። ባለ 8 እና ባለ 12 ሲሆን ደግሞ 2 ለ3 ይሆናል፣ ከፈት ያለና ጠንከር ያለ ድምፅ ነው። ሞተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም ጥምርታው አይለወጥም፤ ሁለቱ ድምፆች ተያይዘው ይወጣሉ፣ ተያይዘው ይወርዳሉ።

ከፍ ዝቅ የሚለው ጩኸት የሚመጣው ሞተሩ በየተራ ሲበራና ሲጠፋ ነው። ሮተሩ ከባድ ብረት ስለሆነ ወዲያው አይፈጥንም፣ ወዲያውም አይቆምም። ሙከራው ሲያልቅ መብራቱ ይቋረጥና ሮተሩ በራሱ ጉልበት እየዞረ፣ ድምፁ እየወፈረ እየወረደ፣ መጨረሻ ላይ ጉርምርምታ ብቻ ይቀራል። ብዙ ሰው ጩኸቱ አለቀ ብሎ የሚሄደው በዚህ ሰዓት ነው። እባክሽ አትሂጂ፣ ከሁሉም ደስ የሚለው ይሄ ክፍል ነው።

ፈጠራው የቆየ ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ሮቢሰን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አየር በመቆራረጥ ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። በ1819 ፈረንሳዊው ሻርል ካኛር ደ ላ ቱር አሻሻለው፣ ሳይረን የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ውኃ ውስጥም ድምፅ ስለሚሰጥ በግሪኮች አፈ ታሪክ ካሉት የባሕር ዘማሪዎች ወሰደው።

የዘመኑ ኤሌክትሮኒክ ሳይረኖች ግን በእርግጥም ድምፅ ማጉያ ናቸው። የሰው ንግግርም ማሰማት ይችላሉ፣ ባትሪም ስላላቸው መብራት ሲጠፋ ይሠራሉ። ለሕዝብ ደህንነት ጥሩ ናቸው። ልቤ ግን ከብረቱ ጋር ነው።

ጥያቄ፦ እስከ ዛሬ ከተሠሩት ሁሉ የሚበልጠው ጩኸት የየትኛው ነው?

መልስ፦ በታሪክ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሳው የክራይስለር የአየር ጥቃት ሳይረን ነው። በ1952 የወጣ ነው። አዎ፣ የመኪናው ክራይስለር። የሚሠራው በመብራት ሳይሆን ባለ 8 ሲሊንደር፣ 180 የፈረስ ጉልበት ባለው የቤንዚን ሞተር ነው። 30 ሜትር ላይ 138 ዴሲቤል ያወጣል፤ ይህም ማለት ሌላው ትልቅ ሳይረን በ30 ሜትር የሚሰጠውን 130 ዴሲቤል ይኼኛው 75 ሜትር ላይ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ የሚያስነሳው ሰው ራሱ ሳይረኑ ላይ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች ጠግነው አልፎ አልፎ የሚያስነሷቸው አሉ፤ እንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ከተጋበዝክ አስተናጋጆቹ ከሚሉህ ርቀት በእጥፍ ራቅ፣ ጆሮህንም በሁለት ዓይነት መከላከያ ደፍን።

በዚያው ጊዜ የወጣው፣ ፌዴራል ሲግናል የተባለው ኩባንያ የሠራው ተንደርቦልትም መነሳት አለበት። እሱ አየሩን በሌላ መሣሪያ ጨምቆ ወደ ሮተሩ ይልካል፣ ከዚያ በሚዞር ትልቅ መለከት ያወጣዋል። በጩኸት ከክራይስለሩ ያንሳል፣ በድምፅ ቀለም ግን የሚወዳደረው አላየሁም።

ጥያቄ፦ ሙከራ አለ በተባለበት ቀን ቤት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ ምንም አልሰማሁም። ሳይረኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። እነዚህ ሳይረኖች የተሠሩት ውጭ ላለ ሰው ነው። ግድግዳና የተዘጋ መስኮት ብዙውን ድምፅ ይበላዋል፣ ነፋሱም ከአንቺ ወደ ሳይረኑ የሚነፍስ ከሆነ ድምፁ ወደ ላይ ታጥፎ ያልፍሻል። ለዚህም ነው ቤት ውስጥ ሆኖ ለአደጋ መረጃ ሳይረንን ብቻ መጠበቅ የማይገባው፤ ስልክና ራዲዮም መኖር አለባቸው። በሚቀጥለው ሙከራ ውጪ ሁኚና ከነፋሱ በታች ቁሚ።

ጥያቄ፦ በስልኬ ቀረጽኩት፣ ስመልሰው ግን የሚፈነዳ ጣሳ ነው የሚመስለው። አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ይጠፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለት ችግር ተደራርቦብሃል። አንደኛው የስልኩ ማይክራፎን ከአቅሙ በላይ የሆነ ድምፅ ሲገባበት የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ያ የተቆረጠ ጫፍ ነው የሚሰነጣጠቀው። ሁለተኛው ስልኩ ድምፁን በራሱ ለማስተካከል ይሞክራል። ሳይረኑ ሲጮኽ ያወርደዋል፣ ሲወርድ ያነሳዋል። ከፍ ዝቅ የሚለው የሳይረኑ ጠባይ በዚህ ይበላሻል።

መጀመሪያ ራቅ በል። 400 ሜትር ላይ የተቀረጸ ንጹሕ ድምፅ 50 ሜትር ላይ ከተቀረጸ ስንጥቅጥቅ እጅግ ይሻላል። ራስ ሰር ማስተካከያውን የሚያጠፋ የመቅረጫ መተግበሪያ ፈልግ፣ የመቀበያውን መጠን በእጅህ ዝቅ አድርገው፣ የድምፁ ጫፍ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል በታች እንዲቀር። ነፋስ ባለበት ቀን ማይክራፎኑን በስፖንጅ ሸፍነው። አቅም ካለህ ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ግዛ፤ ግን ባለ 32 ቢቱ መቅረጫ ሁሉን ያድናል የሚሉህን ሙሉ በሙሉ አትመን፣ ማይክራፎኑ ራሱ ካልቻለው መቅረጫው ምንም ማድረግ አይችልም።

ስልክህ ላይ ያለው የዴሲቤል መለኪያም እዚህ አይረዳህም። በከፍተኛ ድምፅ ላይ የሚያሳየው ቁጥር የማይክራፎኑ ጣሪያ እንጂ የሳይረኑ ኃይል አይደለም። «መለኪያዬ 105 ነው የሚለው፣ ምንም አይልም» ብሎ የሚጠጋ ሰው ራሱን እያታለለ ነው።

ከመጀመሩ አንድ ደቂቃ ቀድመህ መቅረጽ ጀምር፣ ሮተሩ ሙሉ በሙሉ ዝም እስኪል አታቁም፣ መሃል ላይም አታውራ። በአካባቢው ሌሎች ሳይረኖች ካሉ ጥሩ ጆሮ ይጠይቃል፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት የሩቆቹ ዘግይተው እየተከተሉ ይገባሉ። ሁለት ሳይረኖች በጣም ተቀራራቢ ድምፅ ሲኖራቸው ደግሞ በመካከላቸው ዝግ ያለ ሞገድ ይፈጠራል፣ አየሩ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። ይህን በቅጂ መያዝ ከቻልክ ላክልኝ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። የ12 ዓመት ልጅ አለኝ። ሌሎች ልጆች ኳስ ሲያዩ እሱ የሳይረን ዓይነት ይሥላል፣ የስንቱን ስም በቃሉ ያውቃል። ሙከራ ላይ ውሰጂኝ እያለ ያስቸግረኛል። ያሳስበኛል፤ ጤነኛ ነገር ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ በዚህ አይጨነቁ። ልጅዎ ፊዚክስ፣ መካኒክና ታሪክ በአንድ ዕቃ ላይ አግኝቶ ነው የተያዘው። በዓለም ላይ በዚህ ዕድሜ የጀመሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ አሮጌ ሳይረን ከዝገት አውጥተው የሚጠግኑትና ታሪኩን የሚመዘግቡት እነሱ ናቸው። ሥዕሎቹን ያስቀምጡለት።

ይውሰዱት። ሲወስዱት ግን ግማሽ ኪሎ ሜትር ይራቁ፣ በጭንቅላቱ ልክ የሆነ የጆሮ መሸፈኛም ይግዙለት፤ የትልቅ ሰው መሸፈኛ ልጅ ላይ ስለሚላላ ድምፅ ያስገባል። እርስዎም ያድርጉ፤ እናቱ ካላደረገች እሱም አያደርግም። ሕጉንም ከቤት ሳይወጡ ይስማሙ፦ አጥር አይታለፍም፣ ምሰሶ ላይ አይወጣም፣ ሳጥኑ አይነካም። ሳጥኑ ውስጥ አደገኛ ኤሌክትሪክ አለ፣ ሳይረኑም ሳይታሰብ ሊነሳ ይችላል።

ደግሞ አንድ ምክር። የሚመለከተውን የአደጋ መከላከል ቢሮ ደብዳቤ ጽፈው ይጠይቁ። ሥራቸውን የሚወድ ልጅ ሲመጣላቸው ደስ የሚላቸው ሠራተኞች አሉ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ያሳዩት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከሦስት ቀን በፊት ሳይረን በጣም ቀርቤ ሰማሁ። ምንም አላደረግኩም ነበር። እስካሁን ግራ ጆሮዬ ጭው ይላል፣ ሰው ሲያወራም ድፍን ነው የሚለኝ። በራሱ ይተዋል?

መልስ፦ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሂጂ። ዛሬ። ከጩኸት በኋላ ጆሮ ጭው ማለቱና መደፈኑ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይለቃል፤ ሦስት ቀን ከቆየ፣ በተለይ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ መታየት አለበት። ሐኪም የሚሰጠው መድኃኒት ካለ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው፤ ሳምንታት ካለፉ ዕድሉ ይጠባል። ጆሮሽ ውስጥ ዘይትም ሆነ ጠብታ አታድርጊ፣ በጥጥ አትጎርጉሪው። እስከዚያ ድረስ ኢርፎን አትጠቀሚ፣ ከጩኸት ራቂ። የሆነውንም ለሐኪሙ በትክክል ንገሪው፣ ምን ያህል ቀርበሽ እንደነበርና ስንት ደቂቃ እንደቆየሽ። ውጤቱን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፣ አስቤሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ የሳይረን ቅጂ በትልቅ ስፒከር ይከፍታል። አያቴ ጦርነት ያዩ ሰው ናቸው፣ በሰሙት ቁጥር ይንቀጠቀጣሉ። እሱ ደግሞ «ትርፍ ጊዜዬ ነው» ይላል።

መልስ፦ ጎረቤትህ ይህን አምድ የሚያነብ ከሆነ በቀጥታ ልንገረው። ወንድሜ፣ እኔም ድምፁን እወደዋለሁ። ግን ይህ ድምፅ ለሚሊዮኖች ሩጫ፣ ጨለማ ምድር ቤትና ያልተመለሰ ሰው ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ ከተሞች ከፍ ዝቅ የሚለው ጩኸት ቦምብ ጣዮቹ እየመጡ ነው ማለት ነበር፣ ቀጥ ያለው ረጅም ድምፅ ደግሞ አለፉ ማለት ነበር፤ ዛሬም በጦርነት ውስጥ ያሉ ሰዎች በዚሁ ድምፅ ነው ከእንቅልፋቸው የሚነሱት። ሰውነት ይህን አይረሳም። በኢርፎን ስማው፣ ያውም ዝቅ አድርገህ። ከቤት ውጭ መክፈት ደግሞ ሌላም ችግር አለው፤ ሰዎች ሐሰተኛውን ከለመዱት እውነተኛው ሲጮኽ ከቦታቸው አይነሱም።

አንተ ደግሞ ረጋ ብለህ አነጋግረው። አያትህ ያዩትን ንገረው። ብዙዎቹ ሳያውቁ ነው የሚያደርጉት።

ጥያቄ፦ ሳይረኖች በራዲዮ ሞገድ እንደሚነሱ አነበብኩ። እኔ ቴክኒክ እችላለሁ፤ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ባስነሳው ማን ይጎዳል?

መልስ፦ አታድርገው። በአሜሪካዋ ዳላስ ከተማ ኤፕሪል 7 ቀን 2017 እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል አንድ ሰው በራዲዮ ምልክት 156 ሳይረኖችን በአንዴ አስነሳ። እየጠፉ እየተነሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ጮኹ። ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ ከ4 ሺህ በላይ ጥሪ ገባ። በዚያ ሌሊት እውነተኛ እርዳታ ፈልጎ የደወለው ሰው ስልክ ምን ያህል እንደጠበቀ አስብ። ይህ በብዙ አገር ወንጀል ነው፣ ከወንጀልነቱ በላይ ደግሞ የምንወደውን ነገር ዋጋ ያሳጣዋል። ቴክኒክ የምትችል ከሆነ ያረጀ ሳይረን ከሚጠግኑ ሰዎች ጋር ሥራ፣ እጅ በጣም ይፈልጋሉ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር ልጨምር። ልትቀርጽ ሄደህ ሳይረኑ ከሙከራው ሰዓት ውጭ ቢጮኽ ካሜራህን ተወውና መጠለያ ግባ። ባሕር ዳርቻ ከሆንክ ወደ ከፍታ ቦታ ሂድ። ሙከራ ይሁን አይሁን በኋላ ታጣራለህ።

ጥያቄ፦ ወደ ውጭ አገር የመሄድ ዕድል አለኝ። በየትኛው አገር፣ በየትኛው ቀን ብሄድ ሙከራ አገኛለሁ?

መልስ፦ ዕድለኛ ነሽ! በኦስትሪያ በየሳምንቱ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ትሰሚያለሽ፣ በኦክቶበር የመጀመሪያ ቅዳሜ ደግሞ በመላው አገሪቱ ሁሉም ዓይነት ምልክቶች ይሞከራሉ፤ አንድ አገር ብቻ ምረጪ ብትይኝ እሱን እመርጣለሁ። ፈረንሳይና ቼክ ሪፐብሊክ በወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ያደርጋሉ፣ ኔዘርላንድስ በመጀመሪያው ሰኞ በዚያው ሰዓት። ስዊዘርላንድ በዓመት አንዴ ነው፣ በፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ረቡዕ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ። አሜሪካ እንደየከተማው ይለያያል። ቺካጎ በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ሃዋይ ደግሞ በወሩ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ለ6 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ይጮኻል፤ እዚያ ሳይረኖቹ በዋናነት የቆሙት ለሱናሚ ነው።

የጠቀስኩት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ በየአገሩ የአካባቢ ሰዓት ነው። ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት የከተማውን አስተዳደር ማስታወቂያ ተመልከቺ፣ ፕሮግራም ይቀየራል፤ ማዕበል የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ ሰው እውነት እንዳይመስለው ሙከራውን ይሰርዙታል። ጆሮ መሰኪያሽን በእጅ ሻንጣሽ ያዢ፣ መለዋወጫም ጨምሪበት።